የዮዮ ክር ሁለት ሰው ይፈልጋል

ባለፈው የገበያ ቀን ቢቸና መናኸሪያው በር ላይ አንድ አዟሪ፣ ትከሻው ላይ የስልክ ገመድ፣ ክንዱ ላይ የፀሐይ መነጽር ደርድሮ፣ ጣቱ ላይ ደግሞ ዮዮ አንጠልጥሎ ሲያልፍ አየሁና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ዮዮዋ ፕላስቲክ ናት፤ ስትሽከረከር ሆዷ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይበራል። ሰውዬው ግን ዮዮ መጣል አይችልም። ወደ ታች ይወረውራታል፣ እሷም እንደታመመች ዶሮ አንገቷን ደፍታ ትቀራለች፣ ከዚያ በእጁ ጠቅልሎ እንደገና ይወረውራታል። ስመለከተው ጊዜ «አባባ፣ ለልጅ ልጅዎ ይውሰዱላት፣ ትበራለች» አለኝ። ለራሴ ነው አልኩት። ሳቀ። ዋጋዋን ሲነግረኝ መሳቅ የኔ ተራ ነበር፤ በዚያ ብር በኛ ጊዜ ሙሉ ሱሪ ከነማሰፊያው ወጥቶለት ለሻይና ለቦምቦሊኖ ይተርፍ ነበር። አልተከራከርኩም። ገዝቼ ኪሴ ከተትኩና፣ የተሰረቀ ዕቃ እንደያዘ ሰው ሰላምታ የሚሰጠኝን ሁሉ ሳላይ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ባለቤቴ የሺ ስታየኝ «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ አሉ!» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሕይወቴን በጤና ጣቢያ ቁስል ሳጥብና መርፌ ስወጋ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ በእድር ላይ ቃሌ ይሰማል፤ እንዲህ ያለ ሰው ጓሮ ቆሞ ዮዮ ሲጥል ማየት ያስቃል፣ አልፈርድባትም። የመጀመሪያ ቀን ዮዮዋ ጉልበቴን መታችኝ። በሁለተኛው ቀን ጥርሴን ልታወልቀው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እጄ ራሱ አስታወሰ። እኔ ሳላዝዘው አንጓዬ እጥፍ አለ፣ ዮዮዋ ወርዳ እዚያው ታች ሳትመለስ ተሽከረከረች፣ ሳብ ሳደርጋት መዳፌ ውስጥ ገባች። አይኔ እንባ አቀረረ። የሺ መሳቋን ተወች። ችግሩ ክሩ ነበር። አብሯት የመጣው ናይለን አጭርና ሟላጫ ነው፤ የዮዮ ክር ደግሞ ሱቅ የሚገዛ ነገር አይደለም፣ ይገመዳል። የጥጥ ክር ደራርበህ አንዱን ጫፍ አንተ፣ ሌላውን ጓደኛህ ይዞ፣ ተራርቃችሁ፣ አንተ ወደ ቀኝ እሱ ወደ ግራ ታጠነክሩታላችሁ። ጠንክሮ ጠንክሮ እንደ ክራር ክር ድምፅ መስጠት ሲጀምር መሐሉን ይዛችሁ ታጥፉታላችሁ፣ እሱም በራሱ ላይ ተጠማዝዞ ይገመዳል። ብቻዬን የበሩን ማጠፊያ አስይዤ ሞከርኩ፣ አልሆነም፣ ማጠፊያ አይሽከረከርም። የሺን አስያዝኳት። እያጠነከርን ሳለ ሽሮው ገነፈለባትና ጫፉን ለቅቃ ሮጠች። ክሩ እየተርገበገበ መጥቶ እኔ እጅ ላይ አንድ ጉንጉን ቋጠሮ ሆነ። እንዲህ የሆነ ክር አይፈታም፤ ይጣላል። ያን ቋጠሮ ይዤ ጓሮ ቆሜ ሳለሁ ነው ሞጣ ለመሄድ የወሰንኩት። ለክር ነው አልኳት። የሺም ነገሩ ክር ብቻ እንዳልሆነ አውቃ ጋቢዬን አወጣችልኝ።

ሞጣ በኛ ጊዜ! አባቴ ለትምህርት ብሎ ከቢቸና ልኮኝ አጎቴ ቤት ነበር የምኖረው። አጎቴ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ሱቁ ከገበያው አፋፍ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ፀሐይ የማያገኘው ጎን ላይ ነበር። ፊት ለፊት፣ ገበያተኛው ሁሉ የሚታጠፍባት ማዕዘን ላይ ደግሞ የሐጂ ይማም ሱቅ አለች። አቡጀዲው፣ ካኪው፣ ፖፕሊኑ፣ አበባ አበባ ያለበት የሴቶች ጨርቅ በእንጨት ተጠቅልሎ እስከ ጣራው ተደርድሮ፣ ጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት ከሩቅ ያየ ባላገር እግሩ ወደዚያው ይስበው ነበር። የሐጂ ይማም አያቶችም እዚያው ሞጣ የኖሩ፣ እዚያው የነገዱ ናቸው። ከጎናቸው ሻይ ቤት አለ፤ የዘፈኑ ሸክላ ተቧጭሮ አንዱ ስንኝ ላይ ይነክስና፣ ያው አፍቃሪ ያቺኑ አንዲት ቃል እየደጋገመ ሲለማመጥ ይውላል፤ አስተናጋጁ መጥቶ መርፌውን እስኪያነሳለት ድረስ። ሻይ አሥር ሳንቲም ነበር። ወጣቱ ቴትሮን ሸሚዝ ይለብስና እግሩ ሥር መንገድ የሚጠርግ ሱሪ ይታጠቃል፤ እኔ ግን ኮንጎ ጫማና የአጎቴ አሮጌ ካኪ ነበር ያለኝ። አሁን ሞጣ ብትሄዱ ያ ሁሉ የለም። ባለፎቅ ሕንፃ፣ ባጃጅ፣ ባንክ። ባንክ ብቻ እኮ ነው! ሻይ ቤቱ የነበረበት ላይ ስልክ ይጠገናል።

ሰይድ የሐጂ ይማም ሁለተኛ ልጅ ነው፤ ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው። ዮዮን ወደ ሞጣ ያመጣት ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጨርቅ ሊያወርድ ሄዶ፣ ቀይ ቀለም የተቀባች፣ ወገቧ ላይ ቢጫ መስመር ያላት የእንጨት ዮዮ ገዝቶለት መጣ። ሰይድ እስኪለምዳት ድረስ አላሳየኝም፤ ክፉ ነበር በዚህ በዚህ። አንድ ቀን ከሱቁ በረንዳ ላይ ቆሞ ጣላትና ታች ላይ ሳትመለስ ስትሽከረከር፣ «ሱባኤ ገባች» አልኩ። ስሙ በዚያው ቀረ። ሰይድም ቢሆን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱባኤ እንጂ ሌላ አይልም ነበር። ለኔ ደግሞ የክር እንጨት፣ ያን ጊዜ የልብስ ስፌት ክር የሚጠቀለለው እንጨት ላይ ነው፣ ለሁለት ቆርጠን፣ ሰፋ ሰፋ ያሉትን ጫፎች ፊት ለፊት አጋጥመን በምስማር አያያዝናት። አስቀያሚ ነበረች፤ ግን ከሱ ቀይ ዮዮ አትተናነስም። ክሩን ሱቁ ውስጥ፣ እሱ ከጓዳው በር፣ እኔ ከመንገዱ በር ሆነን እንገምድ ነበር። ሐጂ በመሐል ሲያልፉ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ከክሩ ሥር ሾልከው ያልፋሉ። አንድ ቀን እንኳን «ዞር በሉልኝ» አላሉም። አጎቴ ግን ከወዲያ ማዶ ሆኖ ያያል። ገበያተኛው ዮዮ ሊያይ የሐጂ በረንዳ ላይ ሲከማች፣ ካየ በኋላም ጨርቅ ሲገዛ፣ አጎቴ ከባዶ ሱቁ ውስጥ ቆሞ ያያል። የወንድሙ ልጅ ለጎረቤት ገበያተኛ ሲጠራ!

ያ ቀን የገበያ ቀን ነበር። በረንዳው ጢም ብሏል። ሰይድን አባቱ ጨርቅ እንዲለካ ወደ ውስጥ ጠሩት፤ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ሱባኤ ላስገባ ስጥላት ክሩ ተበጠሰና ዮዮዬ ገበያተኛው እግር ሥር ተንከባለለች። ሰዉ «ሆ!» ብሎ ሳቀ። ክር ለመግመድ ሰይድ ያስፈልገኛል፣ ሰይድ ደግሞ ውስጥ ነው፣ ሰዉም መበተን ጀምሯል። ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ፦ ምንም አላሰብኩም። አንገቴ ላይ እናቴ ከደብረ ወርቅ ማርያም ያመጣችልኝ ጥቁር የሐር ማተብ አለ፤ ጥብቅ ተደርጎ የተገመደ፣ ለስላሳ፣ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል። ቋጠሮውን በጥርሴ ፈታሁትና ዮዮዬ ወገብ ላይ አዞርኩት። አጭር ስለሆነ ክንዴን ዝቅ አድርጌ ጣልኳት። ሐሩ ለስላሳ ነዋ፣ ዮዮዋ ታች ወርዳ እንደዚያ ቀን ሱባኤ ገብታልኝ አታውቅም። መበተን የጀመረው ሰው ተመልሶ ከበበኝ። ከዚያ ወዲህም ከዚያ በፊትም በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም። ሳብ አድርጌ መዳፌ ውስጥ ስትገባ የአጎቴ እጅ ጆሮዬን ያዘኝ። ወደ ሱቁ ጎትቶ ወሰደኝና ዮዮዋን ከእጄ ነጥቆ፣ ማተቡን ከላይዋ ላይ ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ ዙር በዙር አወጣው። አየ። ምን እንደሆነ ገብቶታል። እኔም ነገርኩት። «እህ» ብቻ ብሎ ኪሱ ከተተው።

አባቴ ከቢቸና የደረሰው ልጅህ ሰለመ የሚል ወሬ ሰምቶ ነው። ከቢቸና እስከ ሞጣ በጭነት መኪና ላይ ቆሞ የመጣ ሰው፣ ፊቱ አቧራ ለብሶ፣ አንገቴን አየና ተቀመጠ። ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተሰየሙ። አጎቴ ተነስቶ ሐጂ ይማም ልጁን በመጫወቻ እያባበሉ ወስደው ማተቡን በመቀሳቸው ቆረጡት አለ። ኪሱ ገብቶም ማተቡን አወጣ። ማተቡ በመቀስ ተቆርጧል! እኔ የፈታሁት ማተብ፣ የጥርሴ ምልክት ያለበት ቋጠሮ የለም፤ መሐሉ ላይ በስል መቀስ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጧል። ጨርቅ ነጋዴ እሱም ነው፤ መቀስ እሱም አለው። እኔ ተነስቼ «ራሴ ነኝ የፈታሁት፤ የዮዮዬ ክር ተበጥሶብኝ ነው» አልኩ። አንዱ ሽማግሌ ማተቡን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ «ልጄ፣ ይሄ የተፈታ ነው?» አለኝ። እጄን ወደ ባዶ አንገቴ ሰደድኩ። ሐጂ ይማምን ጠየቋቸው። «ልጁ እንዳለው ነው» አሉና ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ኩሩ ሰው ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ልጁ ፈርቶ ነው፣ ልጁ አንገቱ ባዶ እንደነበር አምኗል ብለው ተነሱ። ከዋርካው እስከ ገበያው ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ወሬው ገበያ ሲደርስ ግን «ልጁ ሐጂ ላይ መሰከረባቸው» ሆኖ ነበር። የነፍስ አባታችን አዲስ ማተብ ሲያስሩልኝ፣ አባ ያምኑኛል ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «አምኜሃለሁ፤ ግን እኔ ብቻ ባምንህ ምን ይረባሃል?» አሉኝ። በልጅነቴ ከሰማሁት እውነት ሁሉ እሷ ብቻ ናት እስከ ዛሬ ያልተለወጠችብኝ።

ሐጂ ይማምን ማንም በድንጋይ አልመታቸውም፤ ማንም አልሰደባቸውም። ዝም ብሎ ገበያተኛው ወደ ማዶ መሻገር ጀመረ። በዚያው ዓመት ማዕዘኗን ለቀው ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ዝናብ ሲዘንብ ጭቃ የሚገባበት ሱቅ ገቡ። ማዕዘኗን ማን ተከራያት መሰላችሁ? ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል። አጎቴ እዚያች በረንዳ ላይ ቆሞ ከበረ፣ ልጆቹን አስተማረ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ አለበሰ፣ ሲሞትም ደግ ሰው ተብሎ ተለቀሰለት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ውሸት ነው! የአጎቴ ውሸት እያደር ከበደ እንጂ አልቀለለም፤ የተሸከምኩት ግን እኔ ነኝ። አባቴ ወደ ቢቸና ሲመልሰኝ ጭነት መኪናው ላይ ሆኜ ሰይድን ገበያው መሐል አየሁት። እጄን አነሳሁለት። ጀርባውን ሰጠኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ ለአጎቴ ለቅሶ ሞጣ ሄጄ መንገድ ላይ ተገናኘን፣ ጎልማሳ ሆኗል፣ አውቆኝ ወደ ሌላ ሱቅ ገባ። ከዚያ ወዲህ በሞጣ ባልፍም ከመኪና አልወርድም። ሰው እንዴት ከቢቸና ሞጣ ድረስ ሄዶ አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር ያቅተዋል ትሉኝ ይሆናል። «ሰይድ፣ እኔ አባትህ ላይ አልመሰከርኩም» ማለት ነው፤ ሌላ የለም። ጤና ጣቢያ የመቶ ሰው ሞት ለቤተሰብ ያረዳሁ ሰው እሷን መናገር አቃተኝ።

አሁን መንገዱ አስፋልት ነው፤ ያኔ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ አቧራ ስንውጥ የምንውልበትን መንገድ ሚኒባሱ በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል፤ ግን ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ ነገ ይዘጋል፣ ስለዚህ ክፍት ነው ሲሉኝ ሳላድር ወጣሁ። ደብረ ወርቅ ላይ ለጸሎት አንገቴን ዝቅ ሳደርግ እናቴን አሰብኩ። ሞጣ ወርጄ ታችኛው ሰፈር የሰይድ ይማምን ሱቅ ስጠይቅ ባጃጅ ነጂው ሳይመልስ ወሰደኝ። ሱቁ ያው የድሮው ነው፤ ጭቃው ግን ድንጋይ ተነጥፎበታል። ሰይድ ነጭ ቆቡን አድርጎ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ ጨርቅ ያጥፋል። ጢሙ ነጥቷል። ቀና አለ። መጀመሪያ ያየው ፊቴን አይደለም፤ አንገቴን ነው። ማተቤን። ከዚያ ቀስ ብሎ ፊቴን አየ።

«ደህና ነዎት?» አለኝ።

«አንተ» እንደተባባልን የተለያየን ሰዎች! ወንበሩን ገፋ አደረገልኝ፣ ተቀመጥኩ። መንገዱን ሙሉ መኪና ውስጥ ስደግማት የመጣሁትን ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ። እጁ ጨርቁ ላይ ቆመ።

«አውቃለሁ» አለ።

ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው አልኩት። ከዚያው ቀን ጀምሮ ነው አለ። ጨርቅ እየለካ ሳለ በመስኮት አይቶኛል፤ ቋጠሮውን በጥርሴ ስፈታ፣ ማተቡን ዮዮዬ ላይ ሳዞር፣ ሱባኤ ስትገባልኝም ጭምር አይቷል። ለአባቱ ነግሯቸዋል። አባቱ ግን ዋርካው ሥር እንዳይሄድ ከለከሉት፤ የኛ ልጅ ቃል እዚያ እሳት ላይ እንደሚፈስ ቅቤ ነው ብለው። አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት፣ ምን ይህ ብቻ፣ ጢማችን እስኪነጣ ድረስ፣ እኔ ልነግረው የምጓጓለትን ነገር እሱ ከኔ በላይ ያውቀው ኖሯል። ደሜ ፈላ። ታዲያ እኔን ለምን ሸሸኸኝ አልኩት። መነጽሩን አውልቆ በጨርቅ ጠረገው።

«ፈንቴ፣ አብረን ቆመን ሰው ቢያየን ምን ይል ነበር? እንደገና ልጁን ያዙት ነው የሚሉት። እኔ ልጆች አሉኝ፣ ሱቅ አለኝ። አባቴን ያየሁ ነኝ።»

እውነቱን ነው። ከኪሴ ዮዮዋን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኳት። ሲያያት አፉ ትንሽ ከፈት አለ። ክሯን ነካ አደረገና «ይሄ ምን ቆሻሻ ነው» አለ። ተነስቶ ከመደርደሪያው ነጭ የጥጥ ክር አወረደ፣ ደራረበ፣ በክንዱ ለካ፣ አንዱን ጫፍ ሰጠኝ። እሱ ወደ ጓዳው በር ሄደ፣ እኔ ወደ መንገዱ በር። «ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ አታላላው፣ አንተ ድሮም ታላላለህ» አለኝ። «አንተ» ብሎ ጠራኝ! ሳቅሁ። እሱም ጥርሱን አሳየኝ፤ ሁለቱ የሉም። እኔ ወደ ቀኝ እሱ ወደ ግራ፣ ክሩ ጠነከረ፣ ጠነከረ፣ በጣቴ መታ ሳደርገው ድምፅ ሰጠ። «ትንሽ፣ ትንሽ ቀረው» አለኝ። አባቱ ከሥሩ ሾልከው ሲያልፉ ታዩኝ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመናገር መጥቼ፣ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ፤ ነገ አልመለስም፣ አድራለሁ፣ ጠዋት በረንዳው ላይ አብረን እንጥላለን ልለው አፌን ከፈትኩ።

ከኋላዬ የሰው ጥላ ገባ። ነጠላ የለበሱ አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጨርቅ ሊገዙ የገቡ። እኔን አዩ፣ የያዝኩትን ክር አዩ፣ በዓይናቸው ተከትለው እስከ ሰይድ ድረስ አዩ።

ሰይድ ጫፉን ለቀቀው።

ክሩ እየተርገበገበ ሱቁን አቋርጦ መጥቶ እጄ ላይ ተጠማዘዘ። ሰይድ ዮዮዋን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ መሳቢያ ውስጥ አስገባና መሳቢያውን ዘጋ። መነጽሩን አደረገ። ለሴትየዋ የጠየቁትን ጨርቅ ለካላቸው፣ ቆረጠላቸው፣ ጠቀለለላቸው። እኔ ያን ቋጠሮ ይዤ በሩ ላይ እንደቆምኩ ነኝ። ሴትየዋ ጨርቃቸውን ተቀበሉና አልወጡም፤ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቆሙ። ሰይድ ወደኔ ዞረ።

«እርስዎስ፣ ምን ልስጥዎት?» አለኝ።

«ክር» አልኩት። «አንድ ጥቅል ክር።»